ጥርስን ከማንጣትና ከማቅናት በፊት፦ ጤና ባለሙያው ሊያውቃቸውና ሊመክርባቸው የሚገቡ ነጥቦች

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በአፍና በጥርስ በሽታዎች የተጠቁ ሰዎች ቁጥር ወደ 3.5 ቢሊዮን ይጠጋል። ይህም የዓለምን ሕዝብ ግማሽ ያህል ማለት ነው። የጥርስ መቦርቦርና የድድ በሽታ በዚህ ቁጥር ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛሉ። ይሁን እንጂ በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ስለ ጥርስ የሚቀርበው ጥያቄ ስለ ሕመም ብቻ አይደለም። ጥርሱ የበለዘበት ወጣት ማንጣት ይቻል እንደሆነ፣ ልጇ ገጣጣ የሆነባት እናት ደግሞ ሽቦ ማሰር ይበጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። በአገራችን የጥርስ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ ይህ ጥያቄ በቅድሚያ የሚደርሰው ለጤና መኮንኑ፣ ለነርሷ፣ ለፋርማሲ ባለሙያውና ለጠቅላላ ሐኪሙ ነው።

የጥርስ መልክ ጉዳይ የቅንጦት ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን እጁን በአፉ ላይ ሳይጭን መሳቅ የማይችል ተማሪ፣ ወይም በጥርሱ ምክንያት ሰው ፊት መናገር የሚያፍር ሥራ ፈላጊ የሚደርስበት ማኅበራዊና ሥነ ልቡናዊ ጫና ቀላል አይደለም። ይህ ሰው ትክክለኛ ምክር ካላገኘ ወደ ከሰል፣ ወደ ሎሚ ወይም ፈቃድ ወደሌለው ሰው ይሄዳል። ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ደግሞ የማይመለስ ነው፤ የጥርስ የላይኛው ልባስ አንዴ ከተፋቀ ወይም ከሟሟ አካል መልሶ ሊሠራው አይችልምና።

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት አንድ ነው። የቀለም ለውጥም ሆነ የአቀማመጥ መዛባት ምልክት እንጂ በሽታ ስላልሆነ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጥርስን ማንጣትም ሆነ ማቅናት አይገባም።

የጥርስ ቀለም ከየት ይመጣል?

ጥርስ ከውጭ ወደ ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የላይኛው ልባስ ኢናሜል ሲሆን በክብደት 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። በሰው አካል ውስጥ ከዚህ የሚጠነክር ነገር የለም። ከሥሩ የሚገኘው ዴንቲን ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም አለው። በመካከል ነርቭና የደም ሥር የያዘው ፐልፕ ይገኛል። ኢናሜል ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ የጥርስን መልክ በአብዛኛው የሚወስነው ከሥሩ ያለው የዴንቲን ቀለም ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ኢናሜሉ ስለሚሳሳና ዴንቲኑ ስለሚወፍር የማንኛውም ጤናማ ሰው ጥርስ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫነት ያደላል። እንዲያውም ፍጹም ጤናማ የሆነ ጥርስ በማስታወቂያ እንደሚታየው እንደ ወረቀት የነጣ አይደለም።

የቀለም ለውጦች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በጥርስ ገጽ ላይ የሚለጠፍ ውጫዊ እድፍ ነው። ሻይ፣ ቡና፣ ጫትና ትምባሆ ዋነኞቹ መንስኤዎች ናቸው። በፈሳሽ መልክ የሚሰጥ የአይረን መድኃኒት ጥርስን ያጠቁራል፤ ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫም ለሳምንታት ሲወሰድ ቡናማ እድፍ ይተዋል። መድኃኒቱን የሚያዘው ወይም የሚያድለው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ቢናገር ታካሚው ደንግጦ ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ይረዳል። ውጫዊ እድፍ በጥርስ ክሊኒክ በሚደረግ እጥበት ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንጫ ላያስፈልግ ይችላል።

ሁለተኛው በጥርሱ አካል ውስጥ የሠረጸ ውስጣዊ የቀለም ለውጥ ነው። ይህን መቦረሽ አያስለቅቀውም። ከመንስኤዎቹ መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

1. ፍሎሮሲስ፦ ጥርስ በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ በመውሰድ የሚመጣ ነው።

2. ቴትራሳይክሊን፦ ይህ መድኃኒት ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ በመሠራት ላይ ባለ ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል። ጥርሱ ሲበቅል ቢጫ ሆኖ ይታይና ብርሃን እያገኘው ሲሄድ ወደ ግራጫ ወይም ቡናማ ይለወጣል። በእርግዝና ሁለተኛና ሦስተኛ ሦስት ወራት እንዲሁም ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቴትራሳይክሊን እንዳይሰጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

3. የፐልፕ መሞት፦ ከሌሎቹ ተለይቶ የጠቆረ አንድ ጥርስ ብቻ ከታየ፣ ቀደም ሲል በደረሰ ምት ወይም በመቦርቦር ምክንያት ፐልፑ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሕመም ባይኖርም እንኳ በሥሩ ጫፍ መግል ሊቋጥር ስለሚችል ለራጅና ለሥር ሕክምና መላክ አለበት።

4. የጥርስ መቦርቦር፦ ጅማሬው በድድ ጠርዝ አካባቢ እንደ ኖራ የነጣ ነጠብጣብ ሲሆን፣ ቆይቶ ቡናማና የተቦረቦረ ይሆናል።

የበለዘ ጥርስ በስምጥ ሸለቆ

በኢትዮጵያ ስለ ጥርስ ማንጣት ሲነሣ ከፍሎሮሲስ መጀመር ያስፈልጋል። ከመተሐራና ከወንጂ አንሥቶ በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በማለፍ እስከ ሐዋሳ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ብዙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ከፍተኛ ፍሎራይድ አላቸው። ምክንያቱ ተፈጥሯዊ ነው። አካባቢው የእሳተ ገሞራ ዐለት የበዛበት ሲሆን ውኃው በሙቀት እየታገዘ ፍሎራይድን ከዐለቱ ያሟሟል። በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም አነስተኛ በመሆኑም ፍሎራይዱ ተጣምሮ ሊዘቅጥ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚህ ሸለቆ የሚገኙ በርካታ ጉድጓዶች ከዚህ ወሰን ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ፍሎሮሲስ ጥርስን የሚያጠቃው ኢናሜሉ በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለትም ከውልደት እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቻ ነው። በተለይ ለላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት አስጊ ናቸው። በሙሉ ዕድሜው ወደ አካባቢው የሄደ ሰው ጥርሱ አይበልዝም፤ ውኃውን ለብዙ ዓመታት ከጠጣ ግን አጥንቱ ሊጎዳ ይችላል። በቀላል ደረጃ ያለ ፍሎሮሲስ በግራና በቀኝ ተመሳሳይ በሆኑ ጥርሶች ላይ የሚታይ ስስ ነጭ መስመር ወይም ደመና መሰል ነጠብጣብ ነው። መካከለኛው ቡናማ ቀለም ይጨምራል። በከባዱ ደረጃ ኢናሜሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያወጣል፤ ይሸራረፋልም። ቡናማው ቀለም ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ሲበቅል ያልነበረና ቀዳዳ በሆነው ኢናሜል ውስጥ በኋላ የሚሠርጽ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የበለዘ ጥርስ ያለውን ታካሚ ጥርሱን ባለመፋቁ መውቀስ ስሕተት ነው። ይህ ዓይነቱ ወቀሳ ታካሚው ኢናሜሉ እስኪያልቅ ድረስ በአመድና በአሸዋ እንዲፈትግ ሊገፋው ይችላል። ሁለተኛ፣ የአንድ ልጅ ጥርስ መበለዝ ለታናናሾቹ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ ቤት ገና ጥርሳቸው በመሠራት ላይ ያለ ሕፃናት ካሉ የሚጠጡትና ምግባቸው የሚበስልበት ውኃ ሊለወጥ ይገባል። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ወይም ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ከሆነ ምንጭ መቅዳት ቀዳሚ አማራጮች ናቸው። በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራው የናልጎንዳ ዘዴና በተቃጠለ አጥንት ማጣራትም በስምጥ ሸለቆ ተሞክረዋል። ውኃ ማፍላት ግን ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው ስለሚተን እንዲያውም ያከማቸዋል።

ጥርስ ማንጣት ምን ማለት ነው?

በጥርስ ሕክምና ማንጣት ማለት በኬሚካል አማካይነት በጥርሱ ውስጥ የሠረጹትን ቀለም ሰጪ ውሑዶች መሰባበር ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም እርሱን የሚለቅቀው ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ነው። 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ሲፈርስ 3.5 በመቶ ያህል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሰጣል። ለታካሚው ጥርስ በልክ በተሠራ ስስ ቅርጽ ውስጥ ይህን ዝልግልግ መድኃኒት አድርጎ በሌሊት ማጥለቅ እ.ኤ.አ. በ1989 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ከቀረበ ወዲህ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ነው። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይታያል። በቴትራሳይክሊን የተበላሸ ጥርስ ግን ለወራት የሚዘልቅ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። በክሊኒክ ውስጥ የሚሠራው ማንጣት መጠኑ እጅግ ከፍ ያለ ፐርኦክሳይድ ስለሚጠቀም ድዱ በመከላከያ ካልተሸፈነ ይቃጠላል።

ታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው የሚከተለው ነው። ማንጣት በሞላ ጥርስ፣ በሰው ሠራሽ ሽፋንና በተተካ ጥርስ ላይ አይሠራም፤ በመሆኑም ሌሎቹ ሲነጡ እነዚህ ተለይተው ይታያሉ። የጥርስ መጠዝጠዝ፣ በተለይም ለቀዝቃዛና ለትኩስ መሣሣት የተለመደ ጎንዮሽ ጉዳት ሲሆን ሕክምናው ሲቆም በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ውጤቱም ዘላቂ አይደለም፤ ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና ትምባሆ ካልተቀነሱ እድፉ ፈጥኖ ይመለሳል። የተቦረቦረ ጥርስ፣ የተሰነጠቀ ኢናሜል ወይም የሚደማ ድድ ያለበት ሰው በቅድሚያ እነዚህን መታከም አለበት። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ቢያቆዩት ይመረጣል።

ለፍሎሮሲስ ማንጣት ብቻውን በቂ መፍትሔ የሚሆነው በቀላል ደረጃ ላይ ነው። በዚያም ቢሆን ነጩ ነጠብጣብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ጎልቶ ሊታይ ስለሚችል ታካሚው እንዳይደነግጥ መንገር ያስፈልጋል። ቡናማው ቀለም በኢናሜሉ ገጽ ላይ ከተወሰነ የጥርስ ሐኪሙ አሲድና የሚፈትግ ዱቄት በጥንቃቄ በመጠቀም እጅግ ስስ የሆነውን የላይኛውን ክፍል ያነሣል። ጉድጓድ ያወጣው ወይም የተሸራረፈው ጥርስ ደግሞ የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ፣ በስስ የፊት ሽፋን (ቬኒር) ወይም በሙሉ ሽፋን (ክራውን) ይታከማል። በመሆኑም ከባድ ፍሎሮሲስ ላለበት ወጣት «አንድ ጊዜ ነጥቶ ይጠፋል» የሚል ተስፋ መስጠት ገንዘቡንም እምነቱንም ማባከን ነው።

ከጥርስ ሐኪም ውጭ የሚደረግ ማንጣት ልዩ ትኩረት ይሻል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣውና ከጥቅምት 2012 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ መሠረት፣ ከ0.1 በመቶ በላይ እስከ 6 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለው ማንጫ ሊሸጥ የሚችለው ለጥርስ ሕክምና ባለሙያ ብቻ ነው። የመጀመሪያው አጠቃቀምም በባለሙያው ወይም በእርሱ ቁጥጥር ሥር መከናወን አለበት። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥና ከ6 በመቶ በላይ የሆነውም ለዚህ አገልግሎት ጨርሶ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ዘመድ ከውጭ አገር በስጦታ የላከውን ማንጫ ይዞ ለሚመጣ ታካሚ ይህ ጠቃሚ መለኪያ ነው። በዕቃው ላይ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ካልተጻፈ አለመጠቀሙ ይሻላል።

በቤት ውስጥ ከሚሞከሩት መካከል የሎሚ ጭማቂ እጅግ ጎጂ ነው። ኢናሜል የአሲድነት መለኪያው ወደ 5.5 ዝቅ ሲል መሟሟት የሚጀምር ሲሆን የሎሚ ጭማቂ ግን 2 ገደማ ነው። ከሰል፣ አመድና ጨው ደግሞ ኢናሜልን ፈትገው ያሳሳሉ፤ ከሥሩ ያለው ቢጫ ዴንቲን ስለሚጎላ ጥርሱ ውሎ አድሮ ከበፊቱ የባሰ ቢጫ ይሆናል። ጥርሱን አንጥቶ እንዲያሳይ ተብሎ የሚደረገው የድድ ንቅሳትም በአንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲሠራ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለኤች አይ ቪ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ለስላሳ ጫፍ ያለውን የእንጨት መፋቂያ በየቀኑ በአግባቡ መጠቀም ሊበረታታ የሚገባው ልማድ ነው። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ቢታከልበት ደግሞ መቦርቦርን ይበልጥ ይከላከላል። ሕፃናት ግን ሳሙናውን እንዳይውጡ መጠኑ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ሊሆን ይገባል።

የጥርስ አቀማመጥ፦ የትኛው ጤናማ፣ የትኛው የተዛባ?

ለማቅናት ከመነሣት በፊት ለዕድሜው ተገቢ የሆነውን አቀማመጥ ማወቅ ያሻል። የወተት ጥርሶች ከ6 ወር ገደማ ጀምረው እስከ 3 ዓመት 20 ሆነው ይሟላሉ። ቋሚ ጥርሶች ከ6 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ከ7 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ተራርቀውና ወደ ጎን ዘመም ብለው መታየታቸው የተለመደ ነው። ክራንቻዎቹ በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ ሲወርዱ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ በ8 ዓመት ልጅ ላይ የሚታይ ክፍተት በአብዛኛው የሚጠይቀው ክትትል እንጂ ሽቦ አይደለም።

በሌላ በኩል ፍንጭት ጥርስ በኅብረተሰባችን ዘንድ የውበት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ፍንጭት ብቻውን በማኘክም ሆነ በመናገር ላይ ችግር አያመጣም። ባለቤቱ ካልፈለገ በቀር ሊታከም የሚገባው ምክንያት የለም። ሆኖም በሙሉ ዕድሜ አዲስ የተፈጠረ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት ከድድ በሽታ የተነሣ የጥርሱ ደጋፊ አጥንት መሳሳቱን ሊያመለክት ስለሚችል ምርመራ ይሻል።

ሕክምና ከሚሹት መካከል በምት በቀላሉ የሚሰበር በጣም ገጣጣ የፊት ጥርስ፣ ለማጽዳት የማይመች ድርብርብ ጥርስ፣ የታችኛው መንጋጭላ ከላይኛው ቀድሞ የሚገጥምበት ሁኔታ፣ ሲነከስ የፊት ጥርሶች የማይገናኙበት ክፍተትና በጊዜው ያልወጣ ክራንቻ ይገኙበታል። ዘር ትልቁን ድርሻ ቢይዝም ሊከላከሏቸው የሚቻሉ መንስኤዎችም አሉ። ከ4 ዓመት በኋላ የሚቀጥል ጣት መጥባት የፊት ጥርሶችን ወደ ፊት ይገፋል። «የወተት ጥርስ መውደቁ አይቀርም» በሚል የተቦረቦረ የወተት መንጋጋን ያለ ጊዜው መንቀል ለተተኪው የተያዘው ቦታ እንዲጠብ ያደርጋል። የወተት መንጋጋ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ማገልገል ያለበት ጥርስ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው ግግ ማስወጣት ነው። ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድዱ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ እብጠት ገና ያልወጣ የክራንቻ ጥርስ ቡቃያ እንጂ በሽታ አይደለም። ይህ ቡቃያ በስለት ሲወጣ ደም መፍሰስ፣ ቴታነስና የደም መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ሕፃኑ ከዚህ ቢተርፍም ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 በእስራኤል በሚኖሩ የኢትዮጵያ አይሁዳውያን ልጆች ላይ የታተመ ጥናት ይህ ድርጊት የክራንቻ ጥርስ መጥፋትንና የአጎራባች ጥርሶችን ጉድለት እንደሚያስከትል አሳይቷል። ከዓመታት በኋላ የክራንቻ ጥርስ ጎድሎት ለማቅናት የሚመጣ ልጅ የዚህ ድርጊት ሰለባ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ይገባል። ለእናትየው የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ የተቅማጡና የትኩሳቱ ሕክምና ነው።

ብሬስ እንዴት ይሠራል?

በተለምዶ ብሬስ ወይም የጥርስ ሽቦ የሚባለው መሣሪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ከሚለጠፍ ትንሽ ማያዣና እነዚህን ከሚያገናኝ ሽቦ የተሠራ ነው። ሽቦው ለስላሳና የማያቋርጥ ግፊት ያሳድራል። ጥርስና አጥንት የተያያዙት ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ጅማት ሲሆን፣ ግፊቱ በሚያርፍበት በኩል ኦስቲዮክላስት የተባሉት ሴሎች አጥንቱን ይበላሉ፤ በሚሳበው በኩል ደግሞ ኦስቲዮብላስት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ጥርሱ በዚህ መንገድ በወር እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። ግፊቱ ሲበረታ ጥርሱ አይፈጥንም፤ ይልቁንም የጅማቱ የደም ዝውውር ይታገድና የጥርሱ ሥር ይጎዳል። ሕክምናው በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚፈጀውና በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ክትትል የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ብሬስ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ቋሚ ጥርሶች ከሞላ ጎደል ከወጡ በኋላ፣ ከ11 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ድዱና አጥንቱ ጤናማ ከሆነ በሙሉ ዕድሜም ሊታሰር ይችላል። ሽቦው ከተፈታ በኋላ ጥርሱ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ ማጽኛ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ መጠቀም ግዴታ ነው። ይህን የማይነግር ባለሙያ የሕክምናውን ግማሽ አልተናገረም።

ብሬስ የታሰረለት ሰው ዋነኛ ጠላት ምግብ በማያዣዎቹ ዙሪያ መጠራቀሙ ነው። በአግባቡ ካልጸዳ በወራት ውስጥ ነጭ የመቦርቦር ጅማሬ ይታያል፤ ሽቦው ሲፈታ ጥርሱ ቀጥ ያለ ነገር ግን የተበላሸ ይሆናል። ከምግብ በኋላ መቦረሽ፣ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና መጠቀም፣ ቆሎን፣ ሸንኮራ አገዳንና የሚጣበቅ ከረሜላን መተው ያስፈልጋል። ጉንጭ የሚወጋ ሽቦ ያጋጠመው ሰው ለጥርስ በተዘጋጀ ሰም ሸፍኖ ወደ ሐኪሙ ይሂድ። ማያዣ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ከተጠረጠረ፣ በተለይ ድንገተኛ ሳልና የአተነፋፈስ ችግር ካለ፣ ራጅና አስቸኳይ ሪፈር ይገባዋል።

ፍንጭትን ለመዝጋት በሁለት ጥርሶች ዙሪያ ተራ ላስቲክ ማሰር ፈጽሞ መከልከል አለበት። የጥርስ ሥር ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ከድድ ሥር ሾልኮ በመግባት ደጋፊውን አጥንት ይበላል፤ በዚህም ጤናማ የፊት ጥርሶች የተነቀሉባቸው ታካሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ለጌጥ ብቻ ባልሠለጠነ ሰው የሚለጠፍ ሽቦም ተመሳሳይ አደጋ አለው።

የጥርስ ሐኪምን መምረጥና ታካሚን መላክ

ታካሚው በቅርቡ ያለውን የጥርስ ሐኪም እንዲያገኝ መርዳት የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው። ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናሉ። ጥርስን በማቅናት ልዩ ሥልጠና ያላቸው ግን ጥቂቶች ሲሆኑ በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች ነው። እያንዳንዱ ጤና ተቋም በአካባቢው ያሉትን ፈቃድ ያላቸው የጥርስ ክሊኒኮችና የሚሰጡትን አገልግሎት የያዘ ዝርዝር አዘጋጅቶ በተመላላሽ ክፍሉ ቢያስቀምጥ የታካሚውን እንግልት ይቀንሳል።

ታካሚው ክሊኒክ ሲመርጥ እነዚህን እንዲያጤን መምከር ይቻላል፦

1. የባለሙያው የሙያ ፈቃድና የተቋሙ የሥራ ፈቃድ በግልጽ ተሰቅሎ ይታያል ወይ? ባለሙያውስ የሠለጠነው ሊሠራለት በታሰበው ሕክምና ነው?

2. ከሕክምናው በፊት የጤና ታሪክ ይጠየቃል፣ አፍ በሙሉ ይመረመራል፣ ለብሬስም ራጅና የጥርስ ቅርጽ ይወሰዳል ወይ? በመጀመሪያው ቀን፣ ያለ ምርመራ ሽቦ የሚያስር ሰው ሊታመን አይገባም።

3. ጠቅላላ ወጪው፣ የሚፈጀው ጊዜና የማጽኛው ዋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገራል ወይ? በገንዘብ እጥረት መካከል ላይ የተቋረጠ ብሬስ ካልታሰረው የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

4. መሣሪያዎች በአውቶክሌቭ ይመክናሉ ወይ? መደበኛው መለኪያ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ደቂቃ ወይም በ134 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ሲሆን፣ የታሸገ ዕቃ የሚረዝም ጊዜ ሊያስፈልገው ስለሚችል የአምራቹ መመሪያ ይጠበቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ መሣሪያን መቀቀል ማምከን ሊባል አይችልም።

ወደ ሌላ ከተማ ወይም አገር ለመሄድ ያሰበ ሰው ሕክምናውን የሚቀጥልለት ሐኪም ሳያገኝ ብሬስ ባይጀምር ይመረጣል። በውጭ አገር ታስሮለት የመጣም የሕክምና መዝገቡንና ራጆቹን ይዞ መምጣት ይኖርበታል።

በሪፈር ወረቀቱ ላይ የቀለሙ ለውጥ መቼ እንደጀመረ፣ ታካሚው በልጅነቱ የኖረበት አካባቢ፣ የደረሰበት ምትና የወሰዳቸው መድኃኒቶች ቢጠቀሱ የጥርስ ሐኪሙን ሥራ ያቀላሉ። ከዚህም በላይ የልብ ክዳን በሽታ ወይም የተተካ ክዳን፣ ቀደም ሲል የያዘ የልብ ውስጠኛ ግድግዳ መመረዝ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም መፍሰስ ችግርና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መኖሩ ሳይጻፍ ሊታለፍ አይገባም። የሩማቲክ የልብ በሽታ በብዛት በሚታይበት አገራችን፣ ድድን የሚያደማ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማስፈለግ አለማስፈለጉ ሊወሰን የሚችለው ይህ ሲታወቅ ብቻ ነው።

የፊት ወይም የአንገት እብጠት ከትኩሳት፣ ከመዋጥ ወይም ከመተንፈስ ችግር ጋር የታየበት ታካሚ ግን ስለ መልክ የሚነጋገርበት ጊዜ ስለሌለው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ማጠቃለያ

ጥርስን ማንጣትም ሆነ ማቅናት በተገቢው ሰው፣ ለተገቢው ታካሚና በተገቢው ጊዜ ሲሠራ ጠቃሚ ሕክምና ነው። ውጫዊ እድፍ እጥበት፣ ቀላል ፍሎሮሲስ ማንጣት፣ ከባድ ፍሎሮሲስ ሽፋን፣ የሞተ ጥርስ የሥር ሕክምና ያሻዋል። የልጅነት ክፍተት በአብዛኛው ትዕግሥትን፣ የተዛባ መንጋጭላ ደግሞ ሠልጣኝ ሐኪምን ይጠይቃል። ይህን ለይቶ መናገር ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ በቂ ብርሃን፣ አንድ የአፍ መስታወትና ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ጤና ባለሙያው እነዚህን ተጠቅሞ በሚሰጠው የጥቂት ደቂቃ ምክር አንድ ወጣት የቀረውን ኢናሜል በከሰል ከመፈተግ፣ አንድ ሕፃንም ድዱን ከመቆረጥ ሊድን ይችላል።